የዳኛው እስክሪብቶ እስኪያርፍ

የጥብቅና ፈቃድ ያወጣሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጅግጅጋ ውስጥ የጠበቃ ካባ ሰፍቶ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ፈልጌ አጣሁ። ጥቁር ጨርቅ ገዛሁና ለእናቴ ድሪያ ወደሚሰፋላት ሰውዬ ሄድኩ። ጨርቁን ዘርግቶ አገላብጦ አየውና፣

«ለሐዘን ነው?» አለኝ በሶማሊኛ።

«ለፍርድ ቤት ነው።»

«ማን ሞተ?»

ፎቶ በስልኬ አሳይቼው ተግባባን። በሦስተኛው ቀን ሰፍቶ ሰጠኝ። ትከሻው ልክ ነው፣ ርዝመቱ ልክ ነው፤ እጅጌው ግን ሰፊና ተንጠልጣይ፣ ቁርጥ የድሪያ እጅጌ ነበር። መጀመሪያ ችሎት በቀረብኩበት ጠዋት ልናገር ተነስቼ እጄን ዘርጋ ሳደርግ፣ እጅጌዬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ሁሉ ጠርጎ መሬት ላይ በተነው። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ጠበቃ፣ ወረቀትዎን ይሰብስቡ፤ እንጠብቅዎታለን» አሉ። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁልኝ ይሻለኝ ነበር።

የተወለድኩት እዚሁ ጅግጅጋ ነው። ቤታችን የሚነገረው ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ከጎረቤት ሱቅ፣ ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ነው። ሕጉን የተማርኩት ደግሞ በእንግሊዝኛ። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፌ እስክትወጣ ሦስት በር ታንኳኳ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ አንጋፋ ጠበቃ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የሸመገሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ወረቀቴ የተበተነ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ።

«ሕጉን ዩኒቨርሲቲ አንብበሻል። እኔ የማስተምርሽ መነሳትና መቀመጥ ነው።»

እውነትም እሱን አስተማሩኝ። ችሎት ተሰይሞ ሳለ ስገባም ስወጣም በሩ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ዝቅ እንዳደርግ፤ ሳልነሳ እንዳልናገር፤ ለተከራካሪዬ ጠበቃ የምለው ካለ ወደ እሱ ዞሬ አፍ እንዳልካፈት፣ ሁሉንም ለዳኛው እንድናገር፤ ሰነድ ለችሎት ጸሐፊው እንጂ በእጄ ለዳኛ እንዳልዘረጋ። «ዳኛው ተሳስተዋል» አይባልም፤ «ፍርድ ቤቱ ይህንንም ይመልከትልን» ነው የሚባለው። ስልክ ደግሞ ድምፁ ይቀነሳል ሳይሆን ይጠፋል።

«ከሁሉም በላይ» አሉኝ ጋሼ፣ «እስክሪብቶውን ተመልከቺ። ዳኛ እየጻፈ ከተናገርሽ ወይ አይሰማሽም፣ ወይ ይቆጣሻል። እስክሪብቶው ሲያርፍ ያ ጊዜ ያንቺ ነው።»

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ለሥልጣን ማጎንበስ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ገባኝ። ዳኛው የኔን እጅጌና የኔን ድምፅ ሲያዩ የደንበኛዬን ጉዳይ አያዩም። ሥርዓቱን ስጠብቅ እኔ ከመሐል እወጣለሁ፤ ጉዳዩ ብቻ ይቀራል።

እንዲህ ገብቶኝም አንድ ቀን አጠፋሁ። የፌደራል ጉዳዮች በአማርኛ በሚታዩበት ችሎት አንድ ሽማግሌ ምስክር አቅርቤ ነበር። አስተርጓሚው የኔን ጥያቄ ሲያስተላልፍላቸው ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ። አላስችል አለኝና ራሴ በሶማሊኛ፣ «አዴር፣ አይፍሩ፤ ያዩትን ብቻ ይናገሩ» አልኳቸው። አዴር አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው በዚህ ስም ካልተጠራ በኛ ዘንድ ነውር ነው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «እሺ አዴር» አሉኝ፤ ትልቁም ትንሹን መልሶ በዚያው ስም ይጠራልና።

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ጠበቃ፣ ምስክሩን ምን አሏቸው?»

ነገርኳቸው።

«እዚህ አጎትም የወንድም ልጅም የለም። ምስክር አለ፣ ጠበቃ አለ፣ አስተርጓሚ አለ። እኔ በማልሰማው ቋንቋ ከምስክር ጋር ሁለተኛ እንዳይነጋገሩ።»

«ይቅርታ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

አፈርኩ። ግን ትክክል ነበሩ። ያልኩት ነገር ምንም ክፋት አልነበረውም፤ እሳቸው ይህን የሚያውቁበት መንገድ ግን አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ የማወራው ከሦስት ዓመት በኋላ ስለገጠመኝ ጉዳይ ለመናገር ነው። በዚያን ጊዜ የራሴን ቢሮ ከፍቼ፣ ካባዬንም አስተካክዬ አሰፍቼ፣ ስነሳ ሰው የሚያዳምጠኝ ጠበቃ ሆኜ ነበር።

ደንበኛዬ የአዳማ ነጋዴ ነው፤ የጭነት መኪና ባለቤት። መኪናው ዕቃ ጭኖ ከቶጎጫሌ ወደ ጅግጅጋ ሲመጣ ሦስት ግመሎች ገጭቶ ገደለ። ግመሎቹ የአውበሬ አካባቢ ነዋሪ የሆነች አንዲት ባልቴት ንብረት ነበሩ፤ አንደኛዋ የምትታለብ ነበረች። ባልቴቷ ካሳ ጠየቀች። ከሳሽና ተከሳሽ የሁለት ክልል ሰዎች በመሆናቸው ጉዳዩ በአማርኛ የሚሠራው ችሎት ዘንድ መጣ። ለባልቴቷ ጠበቃ የያዘላት ድሬዳዋ የሚኖር የልጇ ባል ነው፤ ጠበቃውም የድሬዳዋ ሰው ነው። ጎበዝ ተከራካሪ፣ ጨዋ ሰው፤ ሶማሊኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም።

ደንበኛዬ የነገረኝ አጭር ነበር። «ሹፌሩ ጨለማ ነበር ብሎኛል። ግመሎቹ ያለ ጠባቂ አስፋልት ላይ ተለቀው ነበር።» እኔም መልሱን በዚሁ ላይ ጻፍኩ። ከጨለመ በኋላ እንስሳ መንገድ ላይ የለቀቀ ሰው ጥፋቱን ይካፈላል አልኩ። ሹፌሩ ጅቡቲ መስመር ላይ ስለነበር በስልክ ላገኘው ብሞክርም አልሆነልኝም።

ምስክር የሚሰማበት ቀን ደረሰ። የከሳሽ ሁለተኛ ምስክር ጢማቸው በሂና የቀላ አዛውንት ነበሩ። ቁርዓን ይዘው ማሉ። አስተርጓሚው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በከተማው የተከበሩ፣ ከኔ ታላላቅ ወንድሞች መካከል ሁለቱን ያስተማሩ ሰው። ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ሲያስተረጉሙ ስለዋሉ ድምፃቸው ሰልሏል።

የከሳሽ ጠበቃ ጠየቀ። «አደጋው ሲደርስ ሰዓቱ ስንት ነበር?»

አስተርጓሚው አስተላለፉ። አዛውንቱ መለሱ። «አሰር ሊቅ» አሉ።

ለአማርኛ ጆሮ ሊቅ የሚለው የተማረ ሰው ይመስላል። በሶማሊኛ ግን አሰር ሊቅ ማለት የአሰር ሶላት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ተጠግታ ገና ሳትገባ ያለችው ጊዜ ናት። ብርሃን ያለባት ጊዜ ናት። ልጅ ሆኜ እናቴ ከጨዋታ የምትጠራኝ በዚያች ሰዓት ነበር፤ የሰው ጥላ ረዝሞ ግድግዳ የሚወጣበት።

አስተርጓሚው፣ «ማታ ነው ይላሉ» አሉ።

ዳኛው እየጻፉ፣ «ከመሸ በኋላ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

አስተርጓሚው ምስክሩን ሳይጠይቁ፣ «አዎ፣ ከመሸ በኋላ» ብለው መለሱ።

የከሳሽ ጠበቃ ፊቱ ቅጭም አለ። የራሱ ምስክር ክሱን አፈረሰበት። ከኋላዬ የተቀመጠው ደንበኛዬ በደስታ ሲተነፍስ ሰማሁት። ባልቴቷ ምንም አልገባትም፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረውንም የተጻፈውንም የተረዳን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና አስተርጓሚው። እሳቸው ደግሞ መሳሳታቸውን አላወቁም።

የዳኛው እስክሪብቶ እየሄደ ነው። ለማሰብ የነበረኝ ጊዜ እሱ እስኪያርፍ ድረስ ብቻ ነበር።

ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? የሌላውን ወገን ምስክር ማቃናት የኔ ሥራ አይደለም። ከተናገርኩ ደግሞ የተከበሩ ሽማግሌን በሕዝብ ፊት አሳፍራለሁ፤ ደንበኛዬም ሶማሌ ስለሆንኩ ለሶማሌ አደላሁ ይላል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ውሸት መሆኑን አውቄ፣ በመጨረሻ ተነስቼ «የከሳሽ ምስክር ራሳቸው እንዳረጋገጡት» ብዬ ልከራከርበት ነው። ያን ዓረፍተ ነገር በአፌ ውስጥ ሞከርኩት። አልወጣ አለኝ።

እስክሪብቶው አረፈ። ተነሳሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ።»

«ገና ዋና ጥያቄ ላይ ነን፤ ተራዎ አልደረሰም።»

«ይገባኛል ክቡር ፍርድ ቤት። ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ትርጉም ነው። ምስክሩ የተናገሩት ቃል በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ የሚበቃው አይደለም። አስተርጓሚያችን ያሉት ያስኬዳል፤ ነገር ግን ግልጽ እንዲሆን በእሳቸው በኩል ፀሐይ ገብታ እንደነበርና እንዳልነበር ምስክሩ ቢጠየቁልን።»

«ያስኬዳል» ያልኩት ለሽማግሌው ክብር ነው። ከእውነት ያራቅኩትም አይመስለኝም፤ ማታ የሚለው የአማርኛ ቃል ሰፊ ነው። የጠበበው «ከመሸ በኋላ» ሲባል ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ጥያቄ ማንን እንደሚጠቅም ያውቃሉ ጠበቃ?»

«አውቃለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞረው፣ «ይጠይቁልኝ» አሉ።

መምህሩ ጠየቁ። አዛውንቱ ሳቅ አሉ። እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው ሁለት ጣታቸውን አግድም አድርገው አሳዩ። «ፀሐይ ከመሬት በላይ ይህን ያህል ነበረች። ዓይኔን በእጄ ከልዬ ነው መኪናውን ያየሁት» አሉ። መምህሩ ይህን ቃል በቃል ተረጎሙ። ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ። ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቅድም ያልኩት ይታረምልኝ» አሉ። ዳኛው የጻፉትን ሰርዘው እንደገና ጻፉ።

ተራዬ ሲደርስ በአስተርጓሚው በኩል መስቀለኛ ጥያቄ አነሳሁ። አዛውንቱ ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ ያሉት ነገር ውስጤ ቀርቶ ነበር።

«መኪናው ሲመጣ ፊቱ ወደየት ነበር?»

«ወደ ጅግጅጋ፤ ወደ ፀሐይዋ።»

«ግመሎቹን የሚጠብቅ ሰው የት ነበር?»

«ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አንዲት ግልገል ዘግይታ እሷን ሊያመጣ።»

«ምን ያህል ርቆ?»

«ብትጣሪ የማይሰማሽ ያህል።»

ተቀመጥኩ።

ለዕረፍት ስንወጣ ደንበኛዬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ከንፈሩ ነጥቷል።

«እኔ አንቺን የቀጠርኩት ለነሱ እንድትከራከሪ ነው?»

«ለርስዎ ነው የምከራከረው።»

«እግዜር የሰጠንን በእጅሽ መለስሽላቸው! የራስሽ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።»

ይህን እንደሚል አውቄ ነበር፤ ማወቄ ግን ሕመሙን አልቀነሰውም። ብዙ የምመልሰው ነበረኝ። ኮሪደር ላይ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ ግን እሱንም ያሳንሰዋል፣ እኔንም ያሳንሰኛል። «ሹፌሩን ዛሬ በስልክ ያገናኙኝ» አልኩት ብቻ። «ከዚያ በኋላ ካልፈለጉኝ ያሰናብቱኝ።»

ሹፌሩ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተገኘ። በፍርሃት ነው የሚያወራው።

«ጨለማ ነበር ብለሃቸዋል?» አልኩት።

«እኔ? ኧረ እኔ ጨለመብኝ ነው ያልኳቸው። ፀሐይዋ ፊት ለፊት መታችኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ግመሎቹን ያየኋቸው ከመታኋቸው በኋላ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። አስተርጓሚው በሁለት ቋንቋ መካከል ተሳሳቱ፤ ደንበኛዬ ደግሞ በገዛ አማርኛው ውስጥ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሹፌሩን ምስክር አድርጌ አቀረብኩ። ከመሰማቱ በፊት ተነስቼ፣ ጨለማ ነበር የሚለው ክርክራችን በስህተት የተነሳ እንደሆነ ገልጬ መተዋችንን አስመዘገብኩ። የከሳሽ ጠበቃ አልተቃወመም፤ ጎንበስ ብሎ ብቻ ምስጋናውን አሳየኝ። ሹፌሩ ያየውን ተናገረ። የሚደብቀው ስላልነበረው መስቀለኛ ጥያቄው ምንም አላናወጠውም።

ፍርዱ ሲነበብ የመኪናው ባለቤት ዋናው ኃላፊ ነው ተባለ። ፀሐይ ዓይኑን የመታችው ሹፌር ፍጥነቱን መቀነስ ነበረበት አሉ ዳኛው። ግመሎቹም ያለ ጠባቂ አስፋልት ላይ በመውጣታቸው ካሳው ተቀነሰ። አልተሸነፍንም ማለት አልችልም፤ ባዶ እጃችንንም አልወጣንም። ደንበኛዬ ፍርዱን ሰምቶ እጄን ሳይጨብጠኝ ሄደ። ይግባኙን ሌላ ጠበቃ ያዘለት፤ ፍርዱ ሳይለወጥ ጸና።

ባልቴቷ ግን በር ላይ አገኘችኝ። ምን እንደተደረገ የልጇ ባል ነግሯታል። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሆዮ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። እናት ልጇን የምትጠራበት ስም ነው። ሊያባባኝ ምንም አልቀረው። ነገር ግን ገና በቅጥር ግቢው ውስጥ ነበርንና፣ የተከሳሽ ጠበቃ ነኝ ብዬ በአክብሮት ተሰናበትኳት።

መምህሩን የፈራሁት ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ሰላምታቸው ቀዝቀዝ አለብኝ፤ ወይም እንዲያ መሰለኝ። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ አልበላሁም ነበር» አሉኝ።

«አይተናል መምህር። ብዙ ቆመዋል።»

«ምክንያት አይደለም። ሰው ሳይጠየቅ በሰው አፍ መመለስ አይገባም ነበር።» ቀጥለውም፣ «አሁን ሰዓት ሲነሳ ፀሐይዋ የት ነበረች ብዬ ነው የምጠይቀው። ዳኛውም ወደውታል» አሉ።

ዳኛው ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ነግረውኝ አያውቁም፤ ሊነግሩኝም አይገባም። ያየሁት ለውጥ አንድ ነው። ተነስቼ «ማሳሰቢያ አለኝ» ስል፣ ሁልጊዜ ባይቀበሉኝም፣ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ይሰሙኛል። ለአንድ ጠበቃ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በጩኸት አይገኝም፤ በዝምድናም አይገኝም።

ያን ነጋዴ እንደገና ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። ከሐረር ስመለስ መኪናችን ባቢሌ ቆመ። ወርጄ ለውዝ ስገዛ ከአጠገቤ አንድ ድምፅ «የእሷንም እኔ እከፍላለሁ» አለ። ዞር ስል እሱ ነው። ሸብቷል። ሰላም ተባባልን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ ጥቂት አወራንና፣ ሳላስበው ወደ ነገሩ ገባ።

«እኔ አሁንም ያኔ አጥፍተሻል ነው የምለው።»

«እኔ ደግሞ አላጠፋሁም ነው የምለው።»

«አውቃለሁ፤ ሐሳብሽን የምትለውጪ ሰው አይደለሽም» አለና ሳቀ። ለውዙን በመዳፉ እያሸ ገለባውን እፍ አለው። «የመጨረሻ ልጄ ሕግ ካልተማርኩ ብላ ቤቱን አመሰችው። እናቷ አትፈልግም። እኔ ምን እንደምመክራት አላውቅም።»

«ምን ልርዳዎት?»

«ስልክሽን ስጪኝ። ትደውልልሽና አናግሪያት።» ጥቂት አመነታና፣ «ለማንም አላዳላሽም ነበር። ያን ዕለት የተናገርኩት ልክ አልነበረም» አለ።

ስልኬን ጽፌ ሰጠሁት። የመኪናችን ረዳት «ጅግጅጋ፣ ጅግጅጋ» እያለ ሲጣራ ተሰናብቼው ገባሁ። ልጅቷ በሳምንቱ ደወለችልኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። በዚያው ሳምንት ችሎት ነበረኝና፣ ከአዳማ ለመምጣት ከቻለች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እንድታይ ጋበዝኳት። ያን ቀን አልደረሰችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን መጣች፤ ከአባቷ ጋር።